«አስበው፣ ይሆናል»፦ ንቃተ ህሊና እውነታን የቱን ያህል ይሠራል?

ከለገሃር እስከ ብሔራዊ ትያትር ባሉት ካፌዎች በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሰው ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ቢያንስ አንድ መጽሐፍ አዟሪ ይመጣበታል። አዟሪው ከወገቡ እስከ አገጩ የደረሰውን ቁልል በግራ ክንዱ አቅፎ፣ በቀኝ እጁ ከላይ ያለችውን ያነሣና «ጋሼ፣ ይህቺን ካነበቡ ሌላ አያሻዎትም» ይላል። አንዳንዴ ልቦለድ ናት፤ አንዳንዴ የቤተ መንግሥት ታሪክ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ብዙ ጊዜ የምትነሣው የሐሳብን ኃይል የምትሰብከው ሆናለች። ሽፋኗ ላይ የሚያበራ አንጎል፣ ከአንጎሉ የሚፈነጥቅ ጨረር፣ ከጀርባው ከዋክብት። የውስጧ ፍሬ ነገር በአንድ ትንፋሽ ያልቃል፤ ሐሳብህ እውነታህን ይፈጥራል፣ ያጣኸው ማጣትን ስላሰብክ ነው፣ ማግኘትን አስብና ታገኛለህ።

ይኸው ትምህርት በየሆቴሉ አዳራሽ በሚዘጋጁ የአነቃቂ ንግግር መድረኮች ይሰጣል፤ በዩቲዩብና በቲክቶክ ሌት ተቀን ይሰበካል። መሳለቅ ቀላል ነው። እኔ ግን ነገሩን በቁም ነገር መያዝ እመርጣለሁ፤ የሚነካካው ጥያቄ በፍልስፍና ውስጥ ካሉት ሁሉ እጅግ ከከበዱት አንዱ ነውና። በውስጣችን ያለው ማየት፣ መስማትና መሰማት፣ ንቃተ ህሊና የምንለው ነገር፣ ከእኛ ውጭ ካለው ዓለም ጋር ምን ያገናኘዋል? መጽሐፏ ለዚህ የሰጠችው መልስ ሙሉ በሙሉ ውሸት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ገዢ ባላገኘች ነበር። ጥፋቷ ሌላ ነው፤ የተለያዩ ነገሮችን «እውነታ» በሚል አንድ ስም ደባልቃ፣ በአንዱ እውነትነት የሌላውን ዋጋ ታስከፍላለች።

የከተማዋ መገለባበጥ ራሱ ያስገርማል። ዛሬ ጡረታ የወጣው ትውልድ በወጣትነቱ በየውይይት ክበቡ ተቀምጦ የተማረው የዚህን ተቃራኒ ነበር። ከሞስኮ በአማርኛ ታትመው እየመጡ በርካሽ ይሸጡ የነበሩት መጻሕፍት፣ ካርል ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1859 የጻፈውን ሐሳብ በየገጹ ይደግሙት ነበር፦ የሰው ንቃተ ህሊና ህልውናውን አይወስንም፣ ማኅበራዊ ህልውናው ነው ንቃተ ህሊናውን የሚወስነው። ማርክስ ይናገር የነበረው ስለ ኅብረተሰብና ስለ ታሪክ ነው፤ ካድሬው ግን ለሁሉም በሽታ መድኃኒት አደረገው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የሌኒን ሐውልት ከቆመበት ወረደ፤ ትምህርቱም አብሮት ወረደ። ያኔ የግለሰብ ሐሳብ ከቁጥር አይገባም ነበር፤ ዛሬ ሁሉን ቻይ ሆኗል። ካድሬው «ችግርህ መደብህ ነው» ይል ነበር፤ አነቃቂው «ችግርህ አስተሳሰብህ ነው» ይላል። የሁለቱም ድምፅ ጥርጣሬ አያውቅም።

መጽሐፏ እውነት ከምትናገርበት ልጀምር። የምናየው ዓለም እንዳለ ተገልብጦ በዓይናችን የሚገባ አይደለም፤ አንጎል ይሠራዋል። ይህን ለማመን ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ሁለቱን አውራ ጣቶችዎን ጎን ለጎን አቁመው እጆችዎን ወደ ፊት ሙሉ በሙሉ ይዘርጉ። ግራ ዓይንዎን ይጨፍኑ። በቀኝ ዓይንዎ የግራውን አውራ ጣት ጥፍር ብቻ አተኩረው እያዩ፣ የቀኙን ጣት ቀስ አድርገው ወደ ቀኝ ያርቁት። አንድ ስንዝር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የጣቱ ጫፍ ይጠፋል። ትንሽ ሲያሳልፉት ተመልሶ ይመጣል።

ምክንያቱ የታወቀ ነው። ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄዱት የነርቭ ክሮች ተሰብስበው በሚወጡበት ስፍራ ላይ ብርሃን ተቀባይ ሴሎች የሉም፤ ፈረንሳዊው ኤድም ማሪዮት ይህን በ17ኛው ክፍለ ዘመን አሳይቷል። እኔን የሚደንቀኝ ግን የጣቱ መጥፋት አይደለም። ጣቱ በጠፋበት ቦታ ጥቁር ቀዳዳ አለመታየቱ ነው። ከጀርባው ግድግዳ ካለ ግድግዳው ሳይቋረጥ ይታያል፤ መጋረጃ ካለ መጋረጃው። አንጎል ያላየውን ከአካባቢው ገምቶ ሞላው፤ መሙላቱንም አልነገረዎትም። ይህ ክፍተት ደግሞ ዕድሜዎን ሙሉ አብሮዎት የኖረ ነው።

ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማየት ሳይታወቀን የምናካሂደው ግምት ነው ያለው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓለምን ለሁለት የከፈለችውን የቀሚስ ፎቶግራፍ የሚያስታውስ ያስታውሳል፤ ግማሹ ሰው ሰማያዊና ጥቁር፣ ሌላው ነጭና ወርቃማ አያት፤ እኛም ቢሮ ውስጥ ተከራክረንባታል። ፎቶው አንድ፣ ስክሪኑ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ልዩነቱ የመጣው እያንዳንዱ አንጎል ቀሚሷ ላይ ያረፈው ብርሃን ምን ዓይነት እንደሆነ ሳያማክረን ስለገመተ ነው። ቀለም ራሱ ከውጭ ብቻ የሚመጣ ነገር አይደለም። ከትራፊክ መብራት የሚነሣው ሞገድ ርዝመት አለው፣ ጉልበት አለው፤ እኛ የምናየው ቅላት ግን ያ ሞገድ የእኛን ዓይነት ዓይንና አንጎል ሲያገኝ የሚከሰት ነው። በዚያው መንገድ የሚያቋርጠው ውሻ ያንን ቅላት አያየውም።

የእንግሊዙ የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ አኒል ሴት ይህን ሁሉ ቁጥጥር የሚደረግበት ቅዠት ይለዋል። አነቃቂዎቻችን ቅዠት የሚለውን ይዘው ይሮጣሉ፤ ቁጥጥር የሚለውን ይጥሉታል። ነገሩ ያለው ግን እዚያ ላይ ነው። አንጎል ይገምታል፣ ዓለም ያርመዋል፣ አንጎል እንደገና ይገምታል። ግምቱ የእኛ ነው፤ እርማቱ የእኛ አይደለም። በዝናብ ጊዜ በአራት ኪሎ አስፋልት ዳር ክዳኑ የተነሣ የፍሳሽ ጉድጓድ በውኃ ተሞልቶ ደልዳላ መንገድ ሊመስለን ይችላል። አንጎላችን «መንገድ ነው» ብሎ በሙሉ ልብ ያሳየናል። እግር ሲገባ ግን የሚሆነውን ሁሉም ያውቃል፤ ከጉድጓዱ የሚያወጣን ሰውም «ክዳኑን በደንብ ብታስበው ኖሮ» አይለንም።

በፍልስፍና ታሪክ ሐሳብን ከቁስ በፊት ያስቀመጡ ታላላቅ ሰዎች ነበሩ፤ አነቃቂዎቹ አንዳንዴ ስማቸውን ይጠራሉ። ጆርጅ በርክሌይ እ.ኤ.አ. በ1710 የአንድ ነገር መኖር መታየቱና መታወቁ ነው ብሎ ጻፈ። ነገር ግን በቀን ብርሃን ዓይኔን ስገልጥ የማየውን የምመርጠው እኔ አለመሆኔን ያውቅ ነበር፤ ጳጳስም ነበርና ዓለምን በሐሳቡ የሚይዘው እግዚአብሔር ነው አለ። ኢማኑኤል ካንት በ1781 ጊዜና ቦታ የእኛ አእምሮ ዓለምን የሚቀበልባቸው መልኮች ናቸው ሲል የሰው ልጆች ሁሉ የሚጋሩትን አእምሮ ማለቱ እንጂ የአንድን ሰው ምኞት አልነበረም። ከእነዚህ ከሁለቱ መኪና የማግኛ ዘዴ አይወጣም።

ከዚህ ቀጥሎ ኳንተም፣ የጥቃቅን ቅንጣቶች ፊዚክስ፣ ይመጣል። ሁልጊዜም ይመጣል። ሙከራው እውነተኛ ነው፤ ኤሌክትሮኖች አንድ በአንድ በሁለት ቀጫጭን ክፍተቶች በኩል ሲላኩ ውለው አድረው ከማዶ የሚሠሩት ንድፍ የማዕበል ነው። በየትኛው ክፍተት እንዳለፉ የሚለይ መሣሪያ ሲተከል የማዕበሉ ንድፍ ይጠፋል። አዳራሹ ውስጥ ያለው ተናጋሪ እዚህ ላይ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፦ «አያችሁ? ስትመለከቱት ተለወጠ! እይታችሁ ዓለምን ይለውጣል!»

በፊዚክስ መመልከት ማለት ግን የሰው ዓይን ማለት አይደለም። መሣሪያው ብቻውን በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ቢሠራ፣ ውጤቱን ለዘላለም ማንም ባያየው፣ ንድፉ ያው ይጠፋል። በእርግጥ አንድ ትልቅ የፊዚክስ ሊቅ ነገሩን ከንቃተ ህሊና ጋር አያይዞት ያውቃል። ዩጂን ዊግነር፣ በ1963 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ልኬቱን ወደ አንድ ውጤት የሚያደርሰው የሰው ንቃተ ህሊና ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጻፈ። ይህን በየመድረኩ ይነግሩናል። ዊግነር ኋላ ላይ ሐሳቡን መተዉን ግን አይነግሩንም። ያስተወው ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ዲተር ዜህ ከ1970 ጀምሮ የሠራው ሥራ ነው፤ ትልልቅ ነገሮች በዙሪያቸው ካለው አየርና ብርሃን ጋር ያለ ማቋረጥ ስለሚነካኩ የኳንተም ጠባያቸው ማንም ሳያያቸው በቅጽበት ይደበቃል። የእንግሊዙ የፊዚክስና የሒሳብ ሊቅ ሮጀር ፔንሮዝም አንጎል ውስጥ የኳንተም ሥራ አለ ብሎ ይሟገታል፤ ሌላው የፊዚክስ ሊቅ ማክስ ቴግማርክ በ2000 ያሳተመው ስሌት አንጎልን የመሰለ ሞቃትና እርጥብ ነገር ያንን ጠባይ ለማቆየት እንደማይመች ያሳያል፤ ክርክሩ አልተዘጋም። ፔንሮዝ በ2020 የተሸለመው የኖቤል ሽልማት ስለ ጥቁር ጉድጓዶች በሠራው ነው፤ ይህንንም የሚያምታቱት አሉ።

ዋናው ነገር ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሲነሣ አልሰማሁም። ዊግነር ልክ ነበር እንበል። ንቃተ ህሊና ባለበት ጊዜ ከብዙ አማራጮች አንዱ ውጤት ይወጣል እንበል። የትኛው እንደሚወጣ ግን ተመልካቹ አይመርጥም፤ የሚወስነው የዕድል ሕግ ነው፣ ሕጉም በማንም ፍላጎት አይዛነፍም። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ አዳራሽ ውስጥ ተገኝቶ ማየት ይቻላል፤ ማየት ቁጥር አያስወጣም። እንግዲህ ከፊዚክስ ውስጥ ለአነቃቂው እጅግ የሚመቸውን ትርጓሜ ብንሰጠው እንኳን፣ የሚፈልገውን አይሰጠውም።

ሐሳብ በእርግጥ የሚሠራው እውነታ ግን አለ፤ መጽሐፏ ያለ ዕውቀቷ የምትደገፈውም በእርሱ ይመስለኛል። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. መንግሥት የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች መለወጣቸውን፣ ባለ 200 ብር ኖትም መጨመሩን አስታወቀ፤ ለቅያሪው ሦስት ወር ተሰጠ። ፍራሽ ሥር ወይም በዳዊት ገጾች መሃል ተረስቶ የቀረ አንድ አሮጌ መቶ ብር አስቡ። ከጀርባው በማይክሮስኮፕ የሚመለከት ሰው ሥዕል አለበት። ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ ኖቱን እውነተኛ ማይክሮስኮፕ ሥር ቢያደርጉት ወረቀቱ ያው ነው፣ ቀለሙ ያው ነው፤ አንድም ነገር አልጎደለበትም። መቶ ብር ግን የለም። ትናንት ሽንኩርትና ዘይት ይገዛ የነበረው ኃይል የት ሄደ? የትም አልሄደም፤ መጀመሪያም ወረቀቱ ውስጥ አልነበረም። የነበረው በሰዎች የጋራ ስምምነት ውስጥ ነው፤ ስምምነቱ ሲነሣ እርሱም ተነሣ።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሰርል እ.ኤ.አ. በ1995 ስለዚህ ዓይነቱ ማኅበራዊ እውነታ ሰፋ አድርጎ ጽፏል። ገንዘብ፣ ጋብቻ፣ ዲግሪ፣ ድንበር፣ ሹመት፣ የይዞታ ካርታ፣ እነዚህ ሁሉ አእምሮ ያላቸው ፍጥረታት ባይኖሩ ኖሮ አይኖሩም ነበር። ከፊዚክስ አንጻር ሲታዩ ምንም ናቸው፤ ከኑሮ አንጻር ደግሞ ከድንጋይ ይከብዳሉ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳ የተነሡ ነዋሪዎች ሁለቱን እውነታዎች በአንድ ሰሞን አይተዋቸዋል፤ ግድግዳውን ያፈረሰው ማሽን ነው፣ የቤት ባለመብትነቱን ግን ማሽን አይነካውም፤ እርሱ የሚነሣውም የሚተከለውም በፊርማና በማኅተም ነው።

ታዲያ እዚህ ላይ ሐሳብ እውነታን ይፈጥራል ማለት ትክክል ነው? ትክክል ነው፣ የብዙ ሰው ሐሳብ ተያይዞና በተቋም ታስሮ ከሆነ። የአንድ ሰው ሐሳብ ግን እዚህም አይበቃም። አሮጌዋን መቶ ብር ይዤ፣ ዋጋ እንዳላት ከልቤ አምኜ፣ ሰፈሬ ወዳለው ሱቅ ብሄድ ባለ ሱቁ ፈገግ ብሎ ይመልስልኛል። የቤት ኪራይን ለመግታት በዚያው በ2016 ዓ.ም. አዋጅ ወጣ እንጂ ተከራዮች ተሰብስበው ዝቅተኛ ኪራይ እንዲያስቡ አልተጠሩም። በዚህ ነጥብ ከአነቃቂው ይልቅ ሽማግሌው ማርክስ ለእውነቱ ይቀርባል፤ ይህን ስጽፍ የቀድሞ ካድሬዎች ደስ እንዳይላቸው እሰጋለሁ።

በአካላችን ላይስ? እዚህም ያለውን አለ ማለት ይገባል። መድኃኒትነት የሌለው ክኒን መድኃኒት ነው ተብሎ ሲሰጥ ሕመም ያስታግሳል። እ.ኤ.አ. በ1978 ጥርሳቸውን በተነቀሉ ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት፣ ይህ ማስታገስ ናሎክሶን በሚባል መድኃኒት እንደሚከለከል አሳየ፤ ናሎክሶን የሞርፊንና የመሰሎቹን ሥራ የሚያግድ ነውና፣ ሕሙማኑ ሲያምኑ ሰውነታቸው የራሱን ማስታገሻ ያመነጭ ነበር ማለት ነው። እምነት በሕመም ስሜት ላይ ሠርቷል። ዕጢ አላጠፋም፤ የተሰበረ አጥንት አልገጠመም።

ስለ ምኞት ደግሞ የጀርመን የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ጋብሪኤለ ኦቲንገን ከዶሪስ ማየር ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተመችው ጥናት አለ። ከዩኒቨርሲቲ የሚመረቁ ተማሪዎችን ስለ ወደፊት ሥራቸው ጠይቀው ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሰው አገኟቸው። «ይሳካልኛል» ብለው በምክንያት የጠበቁት የተሻለ ደረሱ። ሲሳካላቸው ደጋግመው በዓይነ ህሊናቸው ያዩት ግን ያገኙት የሥራ ግብዣ ያነሰ፣ ደመወዛቸውም ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። የሚመስለው ምክንያት ሐሳቡ ደስታውን አስቀድሞ ስለሚከፍል ለመሮጥ የሚሆን ጉልበት አለመቅረቱ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለው አባባላችን ይህን በቁጥር ሳይሆን በላም አስቀምጦታል።

በዚህ ንግግር የሚያናድደኝ ግን የፊዚክሱ ስሕተት አይደለም፤ ወቀሳው ነው። አዳራሽ ውስጥ የመግቢያ ከፍሎ የተቀመጠው ወጣት ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሥራ ያላገኘ ነው። ከሥልጠናው በኋላ ሥራ ቢያገኝ ሐሳቡ ሠራ ይባላል፤ ባያገኝ በደንብ አላሰበም ይባላል። እንዲህ ያለ ትምህርት በምንም ሊሳሳት አይችልም፤ ተሳሳተ የሚባለው ሁልጊዜ ተማሪው ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን ሳይንስ ንቃተ ህሊናን ፈትቶ ጨርሷል ለማለት አልደፍርም። አውስትራሊያዊው ፈላስፋ ዴቪድ ቻልመርስ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ከባዱ ችግር የሚለው ነገር አሁንም ቆሟል። አንጎል ብርሃንን እንዴት እንደሚለይ፣ ቃል እንዴት እንደሚያወጣ፣ እጅን እንዴት እንደሚያዝ መግለጽ ይቻላል፤ ጊዜ ቢወስድም ይገኛል። ይህ ሁሉ የነርቭ ሥራ ሲካሄድ በውስጡ ስሜት ለምን ይኖራል? የጥርስ ሕመም ለምን ያማል፣ ለምን ዝም ብሎ እንደ ማንቂያ ደወል ሥራውን ሠርቶ አያልፍም? እ.ኤ.አ. በ1998 የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪው ክሪስቶፍ ኮክ በ25 ዓመት ውስጥ ንቃተ ህሊናን የሚያስገኘው የአንጎል አሠራር ጥርት ብሎ ይታወቃል ብሎ ከቻልመርስ ጋር በወይን ጠጅ ተወራረደ። በሰኔ 2023 ኒው ዮርክ ላይ ተገናኙ፤ ኮክ መሸነፉን ተቀብሎ ጠርሙሶቹን አስረከበ። በ2025 የታተመ ሌላ ሰፊ ጥናት ሁለቱን ዋና ዋና ንድፈ ሐሳቦች በ256 ሰዎች አንጎል ላይ አፋጥጧቸው ነበር፤ ሁለቱም የተነበዩት በከፊል ሠራ፣ በከፊል ወደቀ።

ያልተመለሰ ጥያቄ መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ በጥያቄው ክፍተት ውስጥ ያሻውን መሙላት ሌላ። ጥያቄውን አጥብበው የያዙት ደግሞ አንድ ቦታ ደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ኤድሪያን ኦውን የሚባል ተመራማሪ፣ ምንም አታውቅም የተባለች የ23 ዓመት ታማሚ ኤምአርአይ ውስጥ አስገብቶ ቴኒስ ስትጫወት እንድታስብ ነገራት፤ እንቅስቃሴን የሚያቅደው የአንጎሏ ክፍል እንደ ጤነኛ ሰው ሥራውን ጀመረ። በ2024 የታተመ ጥናት ደግሞ ለትእዛዝ ምንም ምላሽ ከማይሰጡ 241 ታማሚዎች ውስጥ 60ዎቹ፣ ማለትም ከአራት አንዱ፣ በአንጎላቸው ምላሽ መስጠታቸውን አሳየ።

ከእነዚህ ጥናቶች አንዱን፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣውን፣ ከአነቃቂው ንግግር ጎን አስቀምጬ አነበዋለሁ። ለአምስት ዓመት ምላሽ ሳይሰጥ የተኛ ሰው ነበር። «አዎ» ለማለት ቴኒስ መጫወትን፣ «አይደለም» ለማለት ቤቱ ውስጥ መመላለስን እንዲያስብ ተነገረው። የአባትህ ስም አሌክሳንደር ነው? ተባለ። ቴኒስ አሰበ። ቶማስ ነው? ተባለ። ቤቱ ውስጥ ተመላለሰ። ከስድስት ጥያቄዎች አምስቱን በትክክል መለሰ። ይህ ሰው ያስባል፣ ያስታውሳል፣ ይሰማል፤ ከአልጋው መነሣትንም ማንም ሳያሠለጥነው ተመኝቶ ሊሆን ይችላል። ሐሳቡ ግን ጣቱን እንኳን አላንቀሳቀሰለትም፤ ወደ ውጭ የወጣው አጠገቡ የቆሙት ሐኪሞች ምናልባት ይሰማን ይሆናል ብለው ስለጠረጠሩና መሣሪያ ስለነበራቸው ነው።